ከማይኩ በፊት ክፍሉ

እስቲ ካላችሁበት ሳትነሱ አንድ ጊዜ አጨብጭቡ። ጠንከር አድርጋችሁ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ሶፋ፣ ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ ያለበት ሳሎን ውስጥ ከሆናችሁ ድምፁ እዚያው ያልቃል። ዕቃ ያልገባበት የብሎኬት ቤት ውስጥ ከሆናችሁ ግን ከጭብጨባው ኋላ «ዝርርር» የሚል ቀጭን ጭራ ይከተላል። የዛሬው ጨዋታችን ስለዚህ ጭራ ነው። መልካም ድምፅ ያለው ልጅ የደከመበት ዘፈን፣ ብዙ የተጸለየበት መዝሙር በዚህ ጭራ ምክንያት ሲበላሽ ደጋግሜ ስለሰማሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ነገሩን ከሐዋሳ ልጀምረው። አቶቴ በሉት፣ ታቦር በሉት፣ መናኸሪያ፣ በየግቢው ጓሮ ሰርቪስ ቤት አለ። 3 በ3፣ ሰፋ ካለ 3 በ4። ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ሊሾ ወይም ሴራሚክ፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ ከሥሩ ኮርኒስ። ወጣቱ አቀናባሪ ያቺን ክፍል ይከራይና አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ሳውንድ ካርድ፣ ሁለት ስፒከርና አንድ ኮንዴንሰር ማይክ ያስገባል፤ ስቱዲዮ ተከፈተ ማለት ነው። ጠዋት ዘማሪ ይመጣል፣ ከሰዓት በሲዳምኛ የሚዘፍን፣ ማታ ደግሞ በወላይትኛ። የሲዳማ አዲስ ዓመት፣ ፊቼ ጫምባላላ፣ ሲቃረብማ ሥራው ይበዛል። እኔ በዚህ እጅግ ደስ ይለኛል። ድምፅ ለማስቀዳት 275 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ መግባት ለነበረበት ሰው፣ ዛሬ በባጃጅ ደርሶ መመለስ ትልቅ ነገር ነው።

ከእነዚህ ልጆች ጋር ስንጫወት ግን ወሬው ሁልጊዜ ስለ ዕቃ ነው። የትኛው ማይክ ይሻላል? የትኛው ፕለጊን? ገንዘብ ተጠራቅሞ የተሻለ ማይክ ይገዛል፤ ድምፁ ግን ያው ይሆናል፣ አንዳንዴም ይብሳል። የሚብስበት ምክንያት አለው። ጥሩ ኮንዴንሰር ማይክ የዘፋኙን ትንፋሽ ብቻ ሳይሆን ክፍሉንም አጥርቶ ይሰማል። እኛ ሁለት ጆሮ አለን፣ ከጆሮውም ጀርባ አእምሮ አለ፤ ፊት ለፊታችን የሚናገረውን ሰው መርጠን፣ የግድግዳውን ምላሽ ቸል ብለን እንሰማለን። ማይክ መምረጥ አያውቅም። ከዘፋኙ አፍ የወጣውንም፣ ከሊሾው ነጥሮ የመጣውንም፣ ከኮርኒሱ የተመለሰውንም አንድ ላይ ይቀዳዋል። አንዴ ከተቀዳ ደግሞ ጨው እንደበዛበት ወጥ ነው፤ መጨመር ይቻላል እንጂ ማውጣት አይቻልም። ደረቅ ሆኖ የተቀዳ ድምፅ ላይ የፈለጋችሁትን ያህል ሪቨርብ፣ ማለትም ሰው ሠራሽ ጭራ፣ በኋላ ትጨምራላችሁ። ክፍሉ ራሱ የጨመረውን የሚቀንሱ ሶፍትዌሮች ቢኖሩም ከጭራው ጋር የድምፁንም ለዛ ይዘውት ይሄዳሉ።

ይህን ነገር በቁጥር የያዘው ሰው ዋላስ ሳቢን ይባላል፤ በአሜሪካ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1895 ዩኒቨርሲቲው ገና አዲስ በሆነው የፎግ ሙዚየም የትምህርት አዳራሽ ተቸገረ። መምህሩ የሚናገረው አይሰማም፤ አንድ ቃል ከአፉ ከወጣ በኋላ ከ5 ሰከንድ በላይ አየር ላይ ይቆያል፣ ያ ሳያልቅ ሌላው ቃል ይደርስበታል። ሳቢን እንዲያስተካክለው ታዘዘ። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? እዚያው ዩኒቨርሲቲ ካለው ሳንደርስ ቴአትር የወንበር ትራሶችን በሌሊት እያስመጣ አዳራሹ ውስጥ ደረደረ፣ የኦርጋን ቧንቧ አስነፋ፣ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ያለውን ጊዜ በሰዓት ለካ። ሥራው ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሆነው የመንገዱ ጫጫታ ያን ጊዜ ጋብ ስለሚል ነው። ሲነጋ ትራሶቹ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። ትራስ በተጨመረ ቁጥር ጭራው እያጠረ ሄደ። አንድ ሰው ብቻውን የስድስት ትራስ ያህል ድምፅ እንደሚውጥም አገኘ። ከዚያ ልፋት የወጣው ቀመር ዛሬም ይሠራል፦ የክፍሉን ይዘት በሜትር ኩብ ወስዳችሁ በ0.161 ታባዛላችሁ፣ ድምፅ ለሚውጠው ስፋት በካሬ ሜትር ታካፍላላችሁ፣ የጭራው ርዝመት በሰከንድ ይወጣል።

እስቲ በሐዋሳዋ ሰርቪስ ቤት እንሞክረው። 3 በ3.5 ትሁን፣ ከፍታዋ 2.8 ሜትር። ይዘቷ 29.4 ሜትር ኩብ ነው። ግድግዳው፣ ወለሉና ጣራው ሲደመር 57 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። ባዶ ሲሚንቶ ከሚደርስበት ድምፅ ከመቶ 3 ያህሉን ቢውጥ ነው፤ ስለዚህ ክፍሏ በሙሉ የምትውጠው 1.7 ካሬ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሲሰላ ጭራው ከ2.5 ሰከንድ ይበልጣል። በሩ፣ መስኮቱና ኮርኒሱ ትንሽ ይቀንሱታል። ለቮካል የምንፈልገው ግን ከ0.3 እስከ 0.4 ሰከንድ ነው። እዚያ ለመድረስ ክፍሏ 12 ካሬ ሜትር ያህል ድምፅ የሚውጥ ነገር ያስፈልጋታል። ብዙ ይመስላል። አልጋው ከነፍራሹ፣ በልብስ የተሞላው ቁምሳጥን በሩ ተከፍቶ፣ ምንጣፉ፣ እዚያ የተቀመጡት ሁለት ሰዎች ሲደመሩ ግን መንገዱን ጥሩ አድርገው ያሳጥሩታል። ስቱዲዮ እንዲመስል ተብሎ አልጋውን ከክፍሉ ማውጣት ከባድ ኪሳራ ነው። አልጋው ይቆይ።

አሁን ወደ እንቁላል ካርቶኑ እንምጣ። ከወለል እስከ ኮርኒስ በእንቁላል ካርቶን የተለበጠ ክፍል ያላየ ያለ አይመስለኝም። ልፋቱ ያሳዝነኛል፤ በትዕግሥት አንድ በአንድ ተለጥፎ፣ አንዳንዱ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ። የሚሰጠው ጥቅም ግን በጣም ጥቂት ነው። ምክንያቱን ለማየት የድምፅን ሞገድ መለካት ነው። ድምፅ አየር ላይ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። 1000 ኸርዝ የሆነ ድምፅ ሞገዱ 34 ሴንቲ ሜትር ነው፤ 100 ኸርዝ ደግሞ 3.4 ሜትር፣ ክፍሏን የሚያህል። ድምፅ የሚውጥ ነገር በደንብ የሚሠራው ውፍረቱ የሞገዱን ሩብ ያህል ሲሆን ነው። ለ1000 ኸርዝ 8.5 ሴንቲ ያስፈልጋል። 2 ሴንቲ የሆነ ስፖንጅ በደንብ የሚይዘው 4000 ኸርዝና ከዚያ በላይ ያለውን ነው፤ ይህ «ሰ»ና «ሸ» የሚፏጩበት፣ የማሲንቆው ፀጉር የሚሰማበት አካባቢ ነው። የወንድ ድምፅ ወፍራሙ መሠረት ያለው 100 ኸርዝና ከዚያ ጥቂት ከፍ ብሎ ነው፤ ስስ ስፖንጅ እሱን አይነካውም። ክፍሉ በሙሉ በስስ ስፖንጅ ሲለበጥ የድምፁ ብርሃን ይጠፋል፣ ጉርምርምታው ይቀራል። «ድምፄ ታፈነ» የሚሉት ዘማሪዎች ትክክል ናቸው። ካርቶኑ ደግሞ ስስ ወረቀት ነው፤ ከስፖንጁም ያንሳል፣ በዚያ ላይ እሳት ከያዘው አይመለስም።

ስለዚህ ስፋት ሳይሆን ውፍረት ነው የሚያስፈልገን። ግድግዳውን ሁሉ በስስ ነገር ከመሸፈን፣ ጥቂት ቦታ ላይ 10 ሴንቲ ውፍረት ያለው ፓኔል፣ ከግድግዳው 5 ወይም 10 ሴንቲ ራቅ ብሎ ቢቆም ይሻላል። ከኋላው የሚቀረው አየር ራሱ ይሠራል፤ ፓኔሉ ወፍራም እንደሆነ ያህል ዝቅ ያለውን ድምፅ ይይዛል።

በውስጡ ምን ይሞላ? ሮክዉል ወይም ግላስዉል ከተገኘ መልካም ነው፤ ቦይለርና ማቀዝቀዣ ክፍል የሚሠሩ ሰዎች ያውቁታል፣ ስትነኩት ጓንትና ማስክ አድርጉ። ካልተገኘም ቤታችን ባዶ አይደለም። ጥጥ አለ፣ አሮጌ ብርድ ልብስ አለ፣ ልብስ ሰፊው በጆንያ የሚጥለው ቁርጥራጭ አለ። እኔ ግን ሁልጊዜ ዓይኔ የሚያርፈው ቃጫ ላይ ነው። የሲዳማ ምድር የእንሰት ምድር ነው፤ ቆጮው ሲፋቅ የሚቀረው ቃጫ ለገመድም ለከረጢትም ይውላል። ድምፅ የሚዋጠው አየር በክሮች መሐል ሲተላለፍ እየታሸ ኃይሉ ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ ነው። ክሩ የመስታወት ሱፍ ይሁን ተክል፣ መንገዱ አንድ ነው፤ በሌላው ዓለም የኮኮናት ክርና የሄምፕ ክር ለዚሁ ሥራ ተሞክረው ውጤት ሰጥተዋል። በደንብ የደረቀ፣ ተበጥሮ ላላ ብሎ የተሞላ ቃጫ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም። እርጥበት ከያዘ ግን ይሻግታል፣ አይጥም ይገባበታል፤ ማድረቁ ላይ አትቸኩሉ። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተማሪ ለመመረቂያ ጥናት ርዕስ ካጣ፣ ይኸው፦ ቃጫ በየውፍረቱ ስንት ድምፅ ይውጣል?

የፓኔሉ አሠራር ቀላል ነው። ከጣውላ 60 በ120 ሴንቲ የሆነ ክፈፍ፣ ጥልቀቱ 10 ሴንቲ። ጀርባውን በኮምፔንሳቶ አትድፈኑት፤ ጨርቅ ይበቃዋል። ፊቱን አቡጀዲ አልብሱት። ጨርቅ ስትመርጡ ገበያው ላይ ቆማችሁ አፋችሁ ላይ ለጠፍ አድርጉና እፍ በሉበት፤ ትንፋሻችሁ ካለፈ ድምፅም ያልፋል። ላስቲክ የተቀባ ሸራና የሶፋ ሌዘር በዚህ ፈተና ይወድቃሉ። አከራያችሁ ግድግዳ መብሳት ካልፈቀዱ እግር አብጁለትና ይቁም፤ ቤት ስትቀይሩ አብሯችሁ ይሄዳል። ስፖንጅም ሆነ ቃጫ ከሶኬት፣ ከሻማና ከዕጣን ይራቅ፤ ስፖንጅ ሲነድ ጭሱ መርዝ ነው።

የት ይቁም የሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ነውና። አብዛኛው ልጅ ስፖንጁን የሚለጥፈው ከማይኩ ኋላ፣ ዘፋኙ ፊት ለፊት ነው። ካርዲዮይድ የሚባለው የተለመደው ማይክ ግን ወደ ኋላው እምብዛም አይሰማም፤ የሚሰማው ወደ ፊቱ ነው፣ ወደ ዘፋኙ። ከዘፋኙ ጀርባ ምን አለ? ባዶ ብሎኬት። ማይኩ ዘፋኙን አልፎ የሚያየው ያንን ግድግዳ ነው።

አቶቴ አንድ ክፍል ውስጥ ይህን አብረን ሞክረነዋል። ዘማሪቷ አንድ ስንኝ ዘመረች፣ መጨረሻው «ሃሌ ሉያ» የሚል ነው። በሄድፎን ስንሰማው «ያ» የምትለዋ ፊደል አልቆም ትላለች፤ እሷ አፏን ዘግታ ክፍሉ ይቀጥላል። ከዚያ ከአልጋው ላይ ፍራሹን አንስተን ከጀርባዋ፣ ከግድግዳው አንድ ክንድ ራቅ አድርገን አቆምነው፣ ጋቢ ደግሞ ከላይ ደረብንበት። ያው ማይክ፣ ያው ስንኝ። «ያ» አለቀች፤ ከኋላዋ የተሰማው ዘማሪቷ ለቀጣዩ ስንኝ የሳበችው ትንፋሽ ነበር። ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሁላችን ዝም አልን፣ እሷ ግን «ድምፄ እንዲህ ነው እንዴ?» አለች። እንዲያ ነው።

ርቀትም ገንዘብ የማይጠይቅ መድኃኒት ነው። ከማይኩ 40 ሴንቲ የነበረ ዘፋኝ ወደ 20 ሴንቲ ሲቀርብ የራሱ ድምፅ በ6 ዴሲቤል ይጨምራል፣ የክፍሉ ግን ባለበት ይቀራል። ከ10 ሴንቲ በታች ከቀረበ ባሱ ያብጣል፣ «በ»ና «ጰ»ም ይፈነዳሉ። በሽቦ ቀለበት ላይ የተወጠረ ስቶኪንግ ፍንዳታውን ይይዘዋል።

ስፒከር ላይ ሚክስ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። 3 በ3 ሆና ከፍታዋም 3 የሆነች ክፍል ለሙዚቃ ከሁሉ የከፋች ናት። ከግድግዳ ግድግዳ የሚመላለሰው ድምፅ 57 ኸርዝ ላይ ራሱን ይደግፋል፤ ርዝመቱ፣ ስፋቱና ከፍታው አንድ ስለሆኑ ሦስቱም እዚያው ቁጥር ላይ ይደራረባሉ። የባስ ጊታር ኤ ክር ባዶውን ሲመታ 55 ኸርዝ ነው፤ ልክ እዚያው ሠፈር። ግድግዳ አጠገብ ያ ኖታ ያጓራል፣ ክፍሉ መሐል ይጠፋል። መሐል የተቀመጠው አቀናባሪ ባስ ያነሰ መስሎት ይጨምራል፤ ዘፈኑ ባጃጅ ውስጥ ሲከፈት በሩ ይንቀጠቀጣል። መፍትሔው ከመሐል መውጣት ነው፦ ከፊት ግድግዳ ጀምሮ የክፍሉ ርዝመት ከመቶ 38 ያህሉ ላይ ብትቀመጡ ለመነሻ ጥሩ ቦታ ነው። ወፍራም የሆነውን ነገር ሁሉ፣ የተጠቀለለ ፍራሽም ቢሆን፣ ማዕዘኖቹ ላይ አቁሙት፤ ባስ የሚከማቸው እዚያ ነው። ለጎኖቹ ግድግዳዎች አንድ ጓደኛችሁ መስተዋት ይዞ ግድግዳውን ታክኮ ይሂድ፣ እናንተ ከመቀመጫችሁ ስፒከሩን መስተዋቱ ውስጥ ያያችሁበት ቦታ ላይ ፓኔል አቁሙ። ክፍል ገና የምትመርጡ ከሆነም ርዝመቷ፣ ስፋቷና ከፍታዋ የሚለያዩባትን ያዙ።

የውጭ ጫጫታ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከጭራው ጋር አታምታቱት። ስፖንጅም ሆነ ፓኔል የጎረቤትን ጄኔሬተር አያግድም። የሚያግደው ክብደትና የተደፈነ ቀዳዳ ነው፤ አየር የሚያስገባ ክፍተት ድምፅም ያስገባል። የበሩን ሥር በጎማ ዝጉ፣ መስኮቱን በወፍራም ነገር ሸፍኑ፣ ከዚያ በላይ ለተከራይ ከባድ ነው። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ የክረምት ዝናብን የሚያቆም ፓኔል የለም፤ ዝናቡ ሳይመጣ መቅዳት ነው። ሐይቁ ዳር ያላችሁም ጉሬዛው ጣራ ላይ ሲሯሯጥ ትንሽ ታገሡት። ሐዋሳ ሞቃት ናት፤ የታሸገ ክፍል ቶሎ ይታፈናል፣ ማራገቢያ ደግሞ ይቀዳል። በየቀረጻው መሐል መስኮት ክፈቱ።

ስለ ውጭ ድምፅ ብዙ እንዳትጨነቁ የምለው ምክንያት አለኝ። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1985 ባለው ጊዜ አዲስ አበባ በቤተሰባቸው ቤት ፒያኖ እየመቱና እያዜሙ ራሳቸውን በካሴት ይቀዱ ነበር። እሳቸው በ2023 ካረፉ በኋላ በሚቀጥለው ዓመት ያ ቅጂ «ሱቬኒርስ» ተብሎ በአልበም ወጣ፤ ከመስኮቱ ውጭ ያሉት ወፎች ሳይቀሩ ይሰማሉ። ወፎቹ ምንም አያበላሹም። ቤት ውስጥ የተቀዳ ሥራ ዓለም የሚሰማው ሥራ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈልግም። ኃይሉ መርጊያና የዳህላክ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጡት «ወደ ሐረር ጉዞ»ም የተቀዳው ስቱዲዮ ውስጥ ሳይሆን ግዮን ሆቴል ነው።

ከፊቼ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ልጨምር። ፊቼ ጫምባላላ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ ሲመዘገብ አብሮ የታወቀው ቄጣላ የተባለው ጭፈራ፣ ሐዋሳ ላይ ጉዱማሌ ሜዳ ላይ የሚጨፈር ነው። ሜዳ ላይ ግድግዳ የለም፤ ቄጣላውን የሚያዜሙት ሽማግሌዎች ድምፅ ከአፋቸው ወጥቶ በቀጥታ ጆሮ ይደርሳል። ያንኑ ዜማ አምጥተን ባዶ ብሎኬት ክፍል ውስጥ ስንቀዳው ያልነበረበትን ጉርምርምታ እንጭንበታለን። ክፍሉን በደንብ ያደረቀ ልጅ ለሜዳው ድምፅ ይቀርባል። ለዚህ ነው ነገሩ የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ የማይመስለኝ፤ እነዚያ ሽማግሌዎች ሁልጊዜ አብረውን አይኖሩም፣ የምናስቀርላቸው ቅጂ ንጹሕ ሊሆን ይገባል።

እንግዲህ ማይክ ለመቀየር ገንዘብ የምታጠራቅሙ ልጆች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ግዢውን አንድ ወር አቆዩት። በዚያ ወር ፍራሹን ከዘፋኙ ጀርባ አቁሙ፣ አራት ወፍራም ፓኔል ሥሩ፣ ሁለቱን ማዕዘን ላይ፣ ሁለቱን መስተዋቱ ያሳያችሁ ቦታ ላይ አድርጉ፤ ከዚያ ያንኑ ዘፈን በዚያው በአሮጌው ማይክ ደግማችሁ ቅዱና ሁለቱን በሄድፎን አስተያዩ። ቃጫ የሞከራችሁ ካላችሁ ደግሞ ውፍረቱንና ያገኛችሁትን ለውጥ ለሌሎቹ ንገሯቸው፤ በየሰርቪስ ቤቱ ያለው ሁሉ የሚፈልገው እሱን ነው።